ያልቀመስነው ዛጎል

ጡረታ የወጣሁ ዕለት የመሥሪያ ቤቱ ልጆች አንድ ጋቢና አንድ የግድግዳ ሰዓት ሰጡኝ። ሰዓቱን ለምን እንደሚሰጡ እስካሁን አልገባኝም፤ ሰው ሰዓት የሚያስፈልገው ሥራ ሳለው ነው። ንግግር ተደረገ፣ ኬክ ተቆረሰ፣ ለስላሳ ተከፈተ። መጨረሻ ላይ በውሃ ምርመራ ክፍል አብራኝ ስትሠራ የነበረች ወጣት ኬሚስት አጠገቤ መጥታ ተቀመጠችና ስልኳን ዘረጋችልኝ።

«እትዬ ዘነበች፣ ይህን አይተውታል? ውጭ አገር ከባሕር ምግብ ውስጥ ኬሚካል በብርሃን ማውጣት ጀምረዋል። ዛጎል ውስጥ ከሚኖሩት እኮ ነው! መብራት ሲያበሩ መርዙ ይፈራርሳል ይላል።»

ስልኩ ላይ ሰማያዊ ብርሃን አየሁ። ጓንት ያጠለቀ እጅ ዛጎል በተደረደረበት ገንዳ ላይ ይመላለሳል።

«ስለዚህ ነገር ሰምተው ያውቃሉ?»

«ትንሽ ትንሽ» አልኳት። ጋቢዬን በብብቴ፣ ሰዓቴን በእጄ ይዤ ወደ ሲኤምሲ የሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ። መንገዱ ተዘጋግቶ ስለነበር ቤቴ እስክደርስ ለማሰብ በቂ ጊዜ አገኘሁ። ያን ዕለት ለልጅቷ መመለስ የነበረብኝ መልስ ይኸውና፣ ረዘም ይላል።

ሥራ የጀመርኩት በአንድ ሆስፒታል ላቦራቶሪ ውስጥ ነው። ሰገራና ደም ነበር የምመረምረው። አለቃችን ሰው ሲሳሳት የሚቆጡ ሰው አልነበሩም፣ ዝም ብለው ያፏጫሉ፤ ያን ፉጨት ከቁጣ አብልጠን እንፈራው ነበር። ደመወዜ ለቤት ኪራይና ታናናሾቼን ለማስተማር ይበቃል፣ ከዚያ አያልፍም። በሰባዎቹ መጀመሪያ ላይ፣ ሰው ሁሉ ጓድ በሚባልበት ጊዜ፣ የዝውውር ደብዳቤ መጣልኝ። «የባሕር ምግብ ማቆያ ጣቢያ፣ ቦሌ» ይላል። አዲስ አበባ ደግሞ ባሕር የላትም። መጀመሪያ ስህተት መሰለኝ፣ ቀጥሎ ቅጣት መሰለኝ። ማንን አስቀይሜ ይሆን እያልኩ ነው የሄድኩት።

ያኔ ቦሌ የዛሬው ቦሌ አልነበረም። ጣቢያው ከአየር ማረፊያው አጥር ጀርባ፣ ወደ ቡልቡላ በሚወስደው የአፈር መንገድ ዳር ነበር። ከአጥራችን ማዶ የጤፍ ማሳ ነው። በመኸር ጊዜ ገበሬዎቹ በሬ እየነዱ ሲያበራዩ ድምፃቸው ይሰማናል፤ አውሮፕላን ሲነሳ ይዋጣል፤ አውሮፕላኑ ሲርቅ ካቆመበት ይቀጥላል። ታክሲ እዚያ ድረስ አይገባም። ውይይት ከሚባለው ታክሲ ወርደን የቀረውን በእግራችን ነው፣ በክረምት በጭቃ፣ በበጋ በአቧራ።

ሥራው እንዲህ ነው። ከአሰብ በአውሮፕላን ዛጎል ይመጣል። ዛጎል ስል ለጌጥ የሚሆነውን ባዶውን ማለቴ አይደለም፤ ሕይወት ያለውን፣ በሁለት ክዳን መካከል እርጥብ ሥጋ የተኛበትን ነው። ፈረንጆች ኦይስተር ይሉታል፣ ከነሕይወቱም ይበሉታል። በረጠበ ጆንያ ተጠቅልሎ ይደርሰናል። ገንዳ ውስጥ እናስገባዋለን። እዚያ ንጹሕ የጨው ውሃ እየማገ ሆዱ ውስጥ ያለውን ጀርም ያወጣል። የተበከለው ውሃ በአልትራቫዮሌት መብራት ፊት እያለፈ ጀርሙ ይሞታል፣ ውሃው ተመልሶ ወደ ገንዳው ይገባል። ዛጎሉ ሲጸዳ ወደ ትልልቅ ሆቴሎችና ወደ መንግሥት ግብዣ ይላካል። ብርሃኑ የሚያገኘው ውሃውን ብቻ መሆኑን ልብ በሉልኝ። ዛጎሉን አይነካውም።

ሥራውን ያስተማሩኝ የጣቢያው ዋና ኬሚስት ጋሽ በየነ ናቸው። ቀጭን፣ ረጅም ሰው ነበሩ፤ ከነጭ ጋዋናቸው ሥር ከረባት የማይለያቸው። ጠዋት ሲገቡ መጀመሪያ ሰላምታ የሚሰጡት ለእኛ አይደለም። «እንግዶቹ እንዴት አደሩ?» ይሉና ወደ ገንዳው ይሄዳሉ። ክዳኑን ገርበብ አድርጎ የተኛውን በአውራ ጣታቸው ጥፍር ነካ ያደርጉታል። ወዲያው ከተዘጋ ደህና ነው። ካልተዘጋ ያነሱትና ከሌላ ዛጎል ጋር አጋጭተው ያዳምጡታል፤ የሞተ ዛጎል ድምፁ ባዶ ነው። አንድ የሞተ ሙሉ ገንዳ ያበላሻል፣ ስለዚህ ጆሮዬ እስኪለይ ድረስ ብዙ ጠዋት ዓይኔን ጨፍኜ እንዳዳምጥ አድርገውኛል።

መብራቱን የሚያጸዱበትን አኳኋን እስከ ዛሬ አልረሳውም። የመብራቱ መስታወት ላይ ጨው ይጋገራል፤ በተጋገረ ቁጥር ብርሃኑ ይታፈናል። ያጠፉታል፣ እስኪቀዘቅዝ ይጠብቃሉ፣ ከታጠበ አሮጌ ነጠላ የተቀደደች ጨርቅ በአልኮል ነክረው ከአንድ ጫፍ ወደ ሌላው ጫፍ ብቻ ይጠርጋሉ። እኔ ወዲያና ወዲህ ካሸሁት ምንም ሳይሉ ጨርቁን ከእጄ ወስደው እንደገና ይጀምራሉ።

«በራ ማለት ይሠራል ማለት አይደለም» ይሉኝ ነበር። «ይሄ መብራት ሲያረጅ ለዓይንሽ ይበራል፣ ለጀርሙ ግን ምንም አይለውም። ስለዚህ አትመኚው፣ ለኪው።»

አንድ ቀን ያለመነጽር አየት አድርጌው ዓይኔ አሸዋ የተበተነበት ያህል ሲቆረቁረኝ ሰነበተ። ጋሽ በየነ ድንች ቆርጠው በሁለቱም ዓይኔ ላይ አደረጉልኝና «ብርሃንም ይናከሳል፣ አየሽ?» አሉኝ። በሌላው ጊዜ የሚቀልዱ ሰው አልነበሩም።

አብራኝ የምትሠራው ቴክኒሻን ሌንሴ ትባላለች፤ የወለጋ ልጅ ናት። ዲፕሎማችን አንድ፣ ወንበራችን ጎን ለጎን። የጨው ውሃ ስታማስል በአፍንጫዋ ታዜማለች፣ ቃሉ ግን አይሰማም። ቃሉ የማይሰማበት ምክንያት ነበረው። ሌንሴ ጴንጤ ነበረች። በዚያ ዘመን «መጤ ሃይማኖት» እየተባለ ጸሎት ቤቶቻቸው ተዘግተው፣ በሰው ሳሎን ተሰብስበው ሲጸልዩ የተገኙት እየታፈሱ ነበር። አንድ ቀን ከታክሲ ወርደን በአፈሩ መንገድ ስንሄድ ነገረችኝ። ለሰው ቀርቶ ለራሴም ደግሜ አልነገርኩትም።

አሁን የጣቢያችንን ትልቁን ልማድ ልንገራችሁ። ከእኛ ውስጥ ያንን ዛጎል የሚበላ አልነበረም። እኔ የቄስ ልጅ ነኝ። ክንፍና ቅርፊት የሌለው የውሃ ፍጥረት እንደማይበላ እያወቅሁ ነው ያደግሁት። ጋሽ በየነ ከእኔ የባሱ ናቸው፣ ጾም አይስቱም፣ ቅዳሴ አያስታጉሉም። ምሳችንን ግቢው ውስጥ እንኳ አንከፍትም፤ ዝናብም ቢሆን ከአጥር ውጭ ባሕር ዛፉ ሥር ዣንጥላ ዘርግተን ነበር የምንበላው። የገንዳው ውሃ ከንፈራችን ላይ ቢፈናጠቅ እንተፋለን። ሥራችንን አልናቅነውም፤ እንዲያውም እንወደው ነበር። ብቻ ለአፋችን አልነበረም።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከውጭ የመጣ አንድ አማካሪ ነበረን። ኪሱ ውስጥ ሎሚ አይጠፋም፤ ስለዚህ ስሙን «አቶ ሎሚ» አልነው። ጠዋት ጠዋት ከየገንዳው አንዳንድ ዛጎል ያነሳል፣ በአጭር ቢላ ይፈለቅቃል፣ ሎሚ ጠብ ያደርግበታል፣ ጭልጥ። እኛ ፊታችንን እናዞራለን። ዘበኛው «ዛሬም ቁርሱን ከመንግሥት ንብረት ላይ በላ» እያለ ያሾፋል፤ እኛም እንስቃለን። ሆዳም ነው ብለን ደመደምን። ሰውየው ውሉ አልቆ ሲሄድ ያስተማረንን ሁሉ አንድ ሳይቀር ያዝን፤ የጨውን ልክ፣ የውሃውን ፍጥነት፣ የመብራቱን አጠራረግ። እንዲያውም እሱ ያልተወጣውን ጋሽ በየነ ተወጡት፤ አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃዋ አየር ያንሰዋል፣ ዛጎሎቹ እየታፈኑ ያልቁብን ነበር፤ ሌላ የአየር መንፊያ ያስጨመሩት እሳቸው ናቸው። የሰውየውን ቁርስ ግን የሚተካ ሰው አልመደብንም። ቁርስ መስሎን ነዋ።

ሥራ አስኪያጆቻችን ሁለት ነበሩ። የመጀመሪያው ግብርና የተማሩ፣ ከገንዳ ይልቅ የግቢውን ጽጌረዳ የሚወዱ ሰው ናቸው፤ በደህና ጊዜ ተዛወሩ። ሁለተኛው የመጣው ከካድሬ ትምህርት ቤት ነው። ጓድ ሥራ አስኪያጅ እንለዋለን። ክፉ ሰው አልነበረም፣ ፈሪ ነበር፤ በዚያ ዘመን የሁለቱ ልዩነት ብዙም አይታይም። በየሳምንቱ የውይይት ክበብ ላይ ለሰዓታት ያናግረናል፣ ገንዳዎቹ እየጠበቁን።

ጉዱ የፈላው አንድ መርከብ ባሕሩ ላይ ዘይት ካፈሰሰ በኋላ ነው። ከአሰብ የመጣው ጆንያ ሲፈታ ክፍሉ ላምባ ላምባ ሸተተ። ገንዳ ውስጥ ስናስገባው ውሃው ላይ ቀስተ ደመና የመሰለ ስስ ዘይት ተንሳፈፈ። ጋሽ በየነ ሁሉም ይደፋ አሉ። ጓድ ሥራ አስኪያጅ ግን እየተርበተበተ መጣ።

«ጓድ በየነ፣ ከወዳጅ አገሮች ልዑካን ይመጣሉ። ግብዣው ላይ የአገራችን የባሕር ሀብት እንዲቀርብ ከበላይ ተወስኗል። ይጽዳ።»

«ጀርም ነው የምናጸዳው እንጂ ዘይት አይደለም» አሉ ጋሽ በየነ።

«ታዲያ ይቻላል ወይስ አይቻልም ብዬ ልጻፍ?»

አይቻልም ብሎ መጻፍ በዚያ ጊዜ ምን ማለት እንደነበረ የሚያውቅ ያውቀዋል። ጋሽ በየነ ከረባታቸውን ሲነካኩ ቆዩና «ልሞክር» አሉ።

ሙከራቸውን ሳስታውስ ዛሬም እኮራለሁ። ለቁስል የሚደረገውን፣ አረፋ የሚሠራውን ፈሳሽ ከፋርማሲ አስመጡ። ዘይት ያለበትን ውሃ በመብራቱ ፊት ብቻ ሲያሳልፉት ምንም አልሆነም። ከዚያ ፈሳሽ ጠብ ጠብ አድርገው ሲያሳልፉት ግን ዘይቱ እየሳሳ ሄደ። ብርሃኑ ፈሳሹን ይቀሰቅሰዋል፣ የተቀሰቀሰው ፈሳሽ ዘይቱን ይበላዋል። ልኩን እያሳነሱ፣ እያበዙ፣ ዛጎሉን የማይጎዳውን መጠን አገኙት። ውሃ ውስጥ ያለ ዘይት የምንለካበት አንድ መሣሪያ ነበረን፤ መርፌው ዜሮ ላይ ተኛ። ላምባው ከክፍሉ ጠፋ። ዝናብ ከዘነበ በኋላ የሚሸተውን የመሰለ፣ የመብራቱ ሽታ ብቻ ቀረ። ጋሽ በየነ ከረባታቸውን ፈቱ። እሳቸው ያን አደረጉ ማለት ሌላው ሰው እስክስታ ወረደ ማለት ነው። ሌንሴና እኔ ተቃቀፍን።

ከየገንዳው እያወጣን ፈልቅቀን አሸተትን። ሦስታችንም አሸተትን። ባሕር ባሕር ከማለቱ በቀር ምንም የለውም። ጋሽ በየነ ፈረሙ። ዛጎሉ በቅርጫት ተጭኖ ቦሌ መንገድ ላይ ወዳለው ሆቴል ሄደ። ጥቂቱ ለመጠባበቂያ ገንዳው ውስጥ ቀረ።

ግብዣው ላይ የሆነውን በኋላ ነው የሰማነው። የልዑካኑ መሪ አንዱን ጎርሶ አኘከና ናፕኪኑ ላይ ተፋው። ጎኑ ያለውም ተፋ። አንዲት ሴት አስታወካት። ላምባ! ላምባ ነው! ተባለ። በማግስቱ የደህንነት ሰዎች ጣቢያችን መጡ፤ የገንዳውን ክፍል በራሳቸው ማኅተም አሸጉት፤ ጋሽ በየነን ከነጋዋናቸው ወሰዷቸው። ወሬው ከእኛ ቀድሞ ከተማ ገብቶ ነበር፤ አንድ ፀረ አብዮት ኬሚስት ቅርጫቱ ሲጫን ላምባ አርከፍክፎበት አገራችንን አዋረደ ተብሎ። አሻጥር የሚባል ቃል ነበር ያኔ። ያ ቃል የተለጠፈበት ሰው ተመልሶ ቤቱ አይገባም። ባለቤታቸው እትዬ አስካለ ጣቢያው በር ላይ መጥተው ቆሙ። ጓድ ሥራ አስኪያጅ በመስኮት አያቸውና መጋረጃውን ዘጋ።

ከቆይታ በኋላ አጣሪ ኮሚቴ መጣ። አንድ ሻምበልና ሁለት አባላት ናቸው። በስብሰባ አዳራሻችን ውስጥ፣ በባለጢሞቹ ሦስት ፎቶዎች ሥር ተቀመጡ። ሠራተኛው ተሰበሰበ። ጋሽ በየነን አስገቧቸው። ከስተዋል፣ ጢማቸው አድጓል፣ አንገታቸው ባዶ ነው። ከረባታቸው የለም።

«ላምባውን ያፈሰስከው አንተ ነህ?» አላቸው ሻምበሉ። ልጃቸው ይሆናል በዕድሜ።

«አላፈሰስኩም፣ ጓድ ሻምበል። አጥፍቻለሁ ግን። ያጠፋሁት ሌላ ነው።» ድምፃቸው ዝግ ያለ ነው፣ እኛን ሲያስተምሩ እንደነበረው። «እኛ የለካነው ውሃውን ነው። ጀርም የሚኖረው ሆዱ ውስጥ ነው፣ በውሃ ታጥቦ ይወጣል። ዘይት ግን የሥጋው ስብ ውስጥ ይገባል፣ ታጥቦ አይወጣም። ብርሃናችን ውሃውን አጸዳ፣ ሽታውንም አጠፋ፣ ሥጋው ጋ አልደረሰም። የታሰርኩበት ቦታ ሆኜ ሳስበው ነው የገባኝ። እዚህ አንድ ፈረንጅ ነበር፣ ጠዋት ጠዋት ዛጎል የሚበላ። ቁርሱን የሚበላ መስሎን እንስቅበት ነበር። ሰውየው ለካ ሥራውን እየሠራ ነበር።»

አዳራሹ ውስጥ አንድም ሰው አልሳቀም። ዘበኛው አንገቱን ደፋ።

«ማስረጃ?» አለ ሻምበሉ።

«ገንዳው ውስጥ የቀረ አለ። ከዚህ ወጥቶ አያውቅም፣ ቅርጫት ውስጥ አልገባም። ክፍሉንም ያሸጋችሁት ራሳችሁ ናችሁ። ውሃውን ለኩት፣ ዜሮ ነው። ሥጋውን ግን ቅመሱት። ላምባ ላምባ ካለ ከባሕር ይዞት የመጣ ነው። ካላለ እንደፈለጋችሁ አድርጉኝ።»

ማኅተሙ ተቀዶ ዛጎል በሳህን መጣ። ውሃው ተለካ፤ እንዳሉት ነው። እኔ ነኝ የፈለቀቅሁት። ግራጫ፣ እርጥብ ሥጋ። ሻምበሉ አሸተተ፣ አባላቱም አሸተቱ። ምንም የለውም።

«እኔ እቀምሰዋለሁ፣ የእኔን ምላስ ግን አታምኑም» አሉ ጋሽ በየነ።

«አናምንም!» አለ ሻምበሉና በቀኙ ወዳለው አባል ሳህኑን ገፋው። አባሉ ሳህኑን አየው። ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት የውይይት ክበባችን ላይ ተጋብዞ ሃይማኖት ኋላ ቀርነት ነው እያለ ሲያስተምረን የዋለ ሰው ነው። «ጓድ ሻምበል፣ እኔ... ጨጓራ አለብኝ» አለ። በግራው ያለው ሳህኑ ሳይደርሰው ወንበሩን ወደ ኋላ ሳበ። ሻምበሉ ሁለቱንም በዓይኑ ገላመጣቸውና ሳህኑን ወደ ራሱ መለሰ። አንድ ጣቱን ዘረጋ። ጣቱ መንገድ ላይ ቆመ። ፊቱ ላይ ላብ ችፍ አለ።

«ከሆቴሉ አንድ ፈረንጅ ይጠራ» አለ አንደኛው።

«ለሌላ ውርደት ነው የምንጠራው? አይሆንም!» ሻምበሉ ጠረጴዛውን መታ። «ይብቃ። ያልተረጋገጠ ነገር ነው። ውሰዱት።»

ጋሽ በየነ ሊነሱ እጃቸውን ወንበሩ ላይ ደገፉ። ያን ጊዜ ጎኔ የነበረችው ሌንሴ ተነሳች። ቀስ ብላ ወደ ጠረጴዛው ሄደች፣ ዛጎሉን በጣቶቿ አንስታ አፏ ውስጥ ከተተች። አኘከች። ዓይኗ እንባ ሞላ፣ ጉሮሮዋ ተናነቃት፣ ግን አልተፋችም። ዋጠችው።

«ላምባ ነው» አለች። «ይቅመሱት፣ ጓድ ሻምበል።»

ሴት ልጅ የደፈረችውን አባላቱና ሠራተኞቹ ፊት እምቢ ማለት አልሆነለትም። ሌላ አስፈልቅቆ ጣቱን ፈሳሹ ውስጥ ነክሮ ምላሱን ነካ አደረገበት። ወዲያው መሬቱ ላይ ተፋ፤ ውሃ አስመጥቶ ተጉመጠመጠ፣ ደጋግሞ ተጉመጠመጠ።

«ላምባ ነው» አለ እሱም፣ አፉን በመሐረብ እየጠረገ። ከዚያ ፊቱ ተለዋወጠ። የቀመሰው ምን እንደሆነ አሁን የገባው መሰለኝ። ንዴቱ ማረፊያ አጣና ሌንሴ ላይ አረፈ።

«አንቺስ ምን ቆርጦሽ ነው ይህን የበላሽው? ሃይማኖትሽ ምንድን ነው?»

ሌንሴ ከንፈሯን በእጇ ጀርባ ጠረገች።

«ኦርቶዶክስ ነሽ?»

«አይደለሁም።»

«እስላም?»

«አይደለሁም።»

«ገባኝ» አለና ወረቀቱ ላይ አንድ ነገር ጻፈ።

ያኔ እንዲህ ያለ ነገር አፉ የሚያስገባ አበሻ ውጭ አገር ተምሮ የመጣ ነው፣ አለዚያ ጴንጤ ነው ይባል ነበር። ሌንሴ ውጭ አገር ሄዳ አታውቅም። ጋሽ በየነ በቸልተኝነት ተወቅሰው፣ ከኃላፊነታቸው ተነስተው ተፈቱ። እሳቸው በተፈቱ በዚያው ሰሞን ሌንሴን ከቤቷ ወሰዷት። ከእሷ ጋር የሚጸልዩት ሌሎችም ተያዙ። ምን ያህል እንደምትቆይ የሚነግረን አልነበረም።

ወላጆቿ ወለጋ ናቸው፤ ስንቅ የሚያመላልስላት ሰው አልነበራትም። እኔ እወስድላታለሁ ብዬ ሳስብ ጋሽ በየነ ቀደሙኝ። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ ሲወጡ እትዬ አስካለ የሠሩትን በሳህን ቋጥረው፣ ነጠላቸውን እንዳጣፉ በቀጥታ ወደ እስር ቤቱ ይሄዳሉ። ብዙ ጊዜ አብሬያቸው ሄጃለሁ። የመጀመሪያ ቀን በሩ ላይ ያለው ወታደር ስሟን ሲያይ አፈጠጠባቸው።

«ምንዎት ናት?»

«ልጄ።»

«አባቷ ቶሎሳ ነው የሚለው። የእርስዎ ስም በየነ ነው።»

«የክርስትና አባቷ ነኝ» አሉት፣ ዓይናቸውን ሳያርገበግቡ። ጴንጤ ናት ተብላ ለታሰረች ልጅ የክርስትና አባት! ወታደሩ ነጠላቸውን አየ፣ ሳህኑን አየ፣ ግራ ተጋባና አስገባቸው። እኚህ ሰው በዕድሜያቸው ሙሉ ሲዋሹ ያየኋቸው ያን አንድ ቀን ነው፤ ከዚያ በየሳምንቱ ያንኑ ውሸት ይደግሙት ጀመር።

ጣቢያው ብዙም አልቆየ። ከአሰብ ጭነት መምጣቱ ቆመ፣ ገንዳዎቹ ደረቁ፣ መብራቶቹ ተነቅለው የት እንደገቡ አላውቅም። እኔን ወደ ከተማው ውሃ ላቦራቶሪ አዛወሩኝ፤ እስከ ጡረታዬ እዚያው ኖርኩ። አለቃ ተለዋወጠ፣ መንግሥት ተለወጠ፣ ውሃው ያው ውሃ ነው። የማምነው መሣሪያ አጥቼ አላውቅም፤ የማምነው ቁጥር ግን ከዚያ ወዲህ የለኝም። ሰው ይህን ጥንቃቄ ይለዋል። እኔ ድካም እለዋለሁ።

ሌንሴ ስትፈታ ጠጉሯ ከፊት ሸብቷል፣ ሳቋ ግን ነበረ። ጋሽ በየነ ቤታቸው ምሳ ጠሩን። ያን ጊዜ እሳቸው ጡረታ ወጥተው ነበር። እትዬ አስካለ ዶሮ ሠርተዋል። ገበታው ቀርቦ፣ ማስታጠቢያው መጥቶ፣ ጋሽ በየነ ግን አንድ ነገር እንደያዛቸው ያስታውቃሉ። ከረባታቸውን ይነካካሉ።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ ሌንሴ» አሉ በመጨረሻ። «ይህን ሁሉ ዓመት ከእሱ ጋር ኖሬ አላውቀውም። ዘይቱ ባይኖርበት... ጣዕሙ እንዴት ነው?»

ሌንሴ መሬት መሬት አየች።

«እኔ ምን አውቄ፣ ጋሽ በየነ? እናቴ ቤት እንዲህ ያለ ነገር ተበልቶ አያውቅም። ስጸየፈው ነው የኖርኩት፣ እንደ እናንተው። በሕይወቴ የቀመስኩት ያን አንዱን ነው።»

እትዬ አስካለ ማስታጠቢያውን እንደያዙ ቀሩ። ጋሽ በየነ ከወንበራቸው ተነሱ፣ ማስታጠቢያውን ከባለቤታቸው እጅ ተቀበሉ፣ ፎጣውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ሌንሴ ፊት ዝቅ አሉ።

«ኧረ ጋሽ በየነ! ኧረ አይገባም!» ብላ ልትነሳ ስትል፣

«እጅሽን ዘርጊ፣ ልጄ» አሉና አስታጠቧት።